ጣና ዳር ጠዋት ጠዋት፦ ወፍ ቆጣሪና ባለውሻ በአንድ መንገድ እንዴት ይሂዱ?

ደንገል፦

ጤና ይስጥልኝ የባሕር ዳር ልጆች። ስድስት ሆነን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በጣና ዳር የእግር መንገድ ላይ ወፍ ልንቆጥር አስበናል። መነሻችን ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነው፤ ከዚያ በዛፎቹ ሥር ወደ ምሥራቅ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል። ችግሩ ውሻ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ውሻ ይዞ የሚወጣው ሰው ይበዛል፤ ግማሹ መንገዱ ላይ ሲደርስ ይለቀዋል። ውሻው ወደ ውሃው ይንደረደራል፣ ዳር ዳሩን የቆመው ወፍ በሙሉ ተነሥቶ ይሄዳል፣ እኛ ባዶ ጭቃ እናያለን። በዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ምግብ የያዝን እየመሰላቸው ይከተላሉ።

በስንት ሰዓት እንውጣ? የት እንቁም? ባለውሾቹን ምን ብንላቸው ሳንጣላ እንስማማለን? ውሻ በበዛበት ቀን የተቆጠረው ውሻ ካልነበረበት ቀን ጋር ይነጻጸራል ወይ? ያለን ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ የሁለት ዓይን መነጽር) ደግሞ ሦስት ብቻ ነው። «ውሻ ይከልከል» የሚል መልስ አልፈልግም፤ መንገዱ የእነሱም ነው።

ወፍ_ቆጣሪ፦

እህቴ ደንገል፣ ከሰዓቱ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ውሻ ሁሉንም ወፍ እኩል አያባርርም። የጣና ዳርን ወፍ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ እንደሚኖር አድርገሽ አስቢው። ምድር ቤቱ ጭቃው፣ አጭሩ ሣርና የውሃው ጠርዝ ነው። መካከለኛው ደንገሉና ሸምበቆው ነው። ላይኛው ሾላውና ዋርካው ነው። ውሻ የሚገዛው ምድር ቤቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ምድር ቤቱን ውሻ ሳይመጣ ቁጠሩት፤ ውሻው ሲመጣ ቀና በሉ።

ምድር ቤት የምታገኟቸው ሽመላዎቹን፣ ኢቢሶቹን፣ ባለ እሾህ ክንፍ ላፕዊንግን (ጥቁር ቆብ፣ ነጭ ጉንጭ፤ ሰው ሲቀርባት ጩኸቷን የምታቀልጠው) እና ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ከሰሜን የሚመጡትን ትንንሽ እንግዶች ነው። ከእንግዶቹ አንዷ ጠርዙን ይዛ እየሄደች ጅራቷን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርገው ቡናማዋ ሳንድፓይፐር ናት፤ ሌላዋ በሣሩ መሀል የምትሮጠው ቢጫ ደረት ናት። እነዚህ ሌሊቱን ሳይበሉ አድረው በንጋት በእግራቸው እየሄዱ ነው ቁርሳቸውን የሚለቅሙት። በዚያች ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ከተነሡ የሚያጡት ቁርሳቸውን ነው፣ በዚያ ላይ ለመብረር ጉልበት ያወጣሉ። የውሻ ጉዳት በዋናነት ይህ ነው፤ ነክሶ የሚይዘው ጥቂት ነው።

አሁን ሰዓት። ባለውሻ የሚወጣው በሰዓት ቆጥሮ ነው፤ ወፍ የሚነሣው በብርሃን ነው። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ በግንቦትና በሰኔ 12:10 አካባቢ ትወጣለች፣ በጥር ግን ወደ 12:50 ትዘገያለች። በግንቦት 11:50 ላይ ቦታችሁን ከያዛችሁ ባለውሾቹ እስኪመጡ 40 ደቂቃ ንጹሕ ጊዜ አላችሁ። በጥር ግን ውሻው ከፀሐይ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ በጨለማ መሽቀዳደም ዋጋ የለውም። ዕቅዱን ገልብጡት፦ ከዛፎቹ ጀምሩ፣ 2 ሰዓት አልፎ መንገዱ ሲቀንስ ወደ ጭቃው ተመለሱ። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት የሚወጣ ቡድን ግማሹን ዓመት ወፍ ሳይሆን ውሻ ነው የሚቆጥረው።

መነሻችሁንም ገልብጡ። ከተማው በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስለሆነ ወደ ውሃው ስትመለከቱ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ከሄዳችሁ ፀሐይን ፊት ለፊት ትገጥማላችሁ፤ ሽመላው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል፣ የእግርና የመንቁር ቀለም አይለይም። ነጮቹን ሽመላዎች የሚለየው ደግሞ ይኸው የእግርና የመንቁር ቀለም ነው። ከምሥራቁ ጫፍ ተነሥታችሁ ወደ ጊዮርጊስ ተጓዙ፣ ፀሐይ ከጀርባ ትሁን። በተለይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ በስተ ሰሜን ስለምታዘነብል የውሃው ነጸብራቅ ዓይን ይወጋል። ከ3 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ከሐይቁ ተነሥቶ ማዕበል ያመጣል፤ ሩቅ ውሃ ላይ ያለውን ለመቁጠር ጊዜው ጠዋት ነው።

አቋቋም፦ ስድስት ሰው ተደርድሮ አይሂድ። ሦስት ሦስት ሁኑ፣ በመካከላችሁ ቢያንስ 100 እርምጃ ይኑር። በመንገዱና በውሃው መካከል አትቁሙ፤ ከመንገዱ በስተ ከተማ በኩል፣ ጀርባችሁን ለዛፍ ግንድ ሰጥታችሁ ቁሙ ወይም ተቀመጡ። የቆመ ሰው ሰማዩ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ ግንድ ላይ የተጠጋ ግን ግንድ ይመስላል። ከቅዳሴ የሚመጣ ካለ ነጠላውን ቦርሳ ውስጥ ይክተት። ወደ ወፏ በቀጥታ አትሂዱ፤ አግድም፣ ሌላ ቦታ የምትሄዱ መስላችሁ ተጠጉ። የቅርበቱን ልክ ወፏ ራሷ ትነግራችኋለች፦ መልቀሟን አቁማ አንገቷን ካስረዘመች በቃ፣ እዚያው ቁሙ። አንድ እርምጃ ከጨመራችሁ ክንፏን ታያላችሁ።

የሐይቁንም ከፍታ ተከታተሉ። ክረምቱ ሲያልቅ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ውሃው ይሞላል፤ ጭቃው ይጠፋል፣ ወፉ ወደ መንገዱ ተጠግቶ ይቆማል፣ አንድ ውሻ ሁሉንም ያነሣል። ውሃው እየሸሸ ሄዶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሲያንስ ጭቃው ይሰፋል፤ ወፉ ከመንገዱ ይርቃል፣ ግን የተለቀቀ ውሻ የሚሮጥበት ሜዳም አብሮ ይሰፋል። ያን ጊዜ ባለ 20–60 ማጉያ ቴሌስኮፕ ከሦስት ባይኖኩላር ይበልጣል። የአባይ ድልድይ አካባቢ ግን ቴሌስኮፕም ካሜራም ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን ጠይቁ።

መካከለኛው ፎቅ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ደንገል ዳር 10 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ብቻ። መጀመሪያ ጥቁሯ ክሬክ ትወጣለች፦ ሰውነቷ ከል የለበሰ፣ መንቁሯ ቢጫ፣ እግሯ ቀይ፤ ሁለት እርምጃ ትወጣለች፣ አንድ ትመለሳለች። ከዚያ ትንሿ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ አንድ የደንገል ዘንግ ላይ ታርፋለች፣ ዘንጉ እንኳ አይጎነበስላትም። ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ በረጃጅም ጣቶቿ የምትራመደው ጃካና ናት፤ እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ መሆኑን ለጀማሪዎቻችሁ ንገሯቸው፣ ይወዱታል። ውሻ ደንገሉ ውስጥ ከገባ ግን ሌላ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ወይም ቦታ ቀይሩ።

ላይኛው ፎቅ የውሻ ሰዓት ሀብት ነው። ሾላ ሲያፈራ ከሥሩ መቆም ብቻ ይበቃል፤ ማፍራቱን ለማወቅ ቀና ከማለት በፊት መሬቱን እዩ፣ የተነከሰ ፍሬ ከወደቀ በላይ ሰው አለ ማለት ነው። ባለ ብርማ ጉንጭ ትልቁ ሆርንቢል ክንፉ ሲመታ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ተቀምጣ አረንጓዴ ናት፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሻገር ክንፏ ድንገት ደም ይመስላል። ትንሿ አረንጓዴ በቀቀን በአምስት በስድስት እየጮኸች ታልፋለች፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። ዓሣ በሉ ንስር ደግሞ ሲጮህ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። ከሥራቸው አሥር ውሻ ቢያልፍ ከእነዚህ አንዱም ዞር ብሎ አያይም።

ባለቡቺ፦

እኔ ከውሻው ወገን ነኝ፤ ወፍ_ቆጣሪ ያለውን ሳልነካ የእኛን በኩል ልጨምር።

የከተማችን ውሻ አብዛኛው የግቢ ጠባቂ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል፣ ጠዋት ሐይቅ ዳር ሲደርስ የታመቀ ጉልበቱን የሚያወጣበትን ያጣል። በዚያች ቅጽበት የሚበር ነገር ካየ አበቃ። ስለዚህ መፍትሔው ግቢ ውስጥ ይጀምራል፦ ከመውጣት በፊት 10 ወይም 15 ደቂቃ ኳስ ወይም ዱላ እየወረወሩለት ይሩጥ። ሐይቅ ዳር የሚደርሰው ሌላ ውሻ ነው።

ገመዱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይሁን። ውሻው ሲስብ ከመያዣው እየወጣ የሚረዝመው ዓይነት ለጣና ዳር አይሆንም፤ 5 ሜትር የሚረዝም ገመድ ከመንገዱ እስከ ውሃው ያደርሳል። ሰንሰለት ይንቃጨላል፣ ወፍ ከሩቅ ይነቃል። ገበያ የሚሸጠው የናይለን ገመድ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በቂ ነው፣ ከዚያ የቀጠነው እጅ ይቆርጣል። አንገቱ ላይ በሸምቀቆ የምታስሩ ከሆነ ሸምቀቆው አጥብቆ እንዳያንቀው ገመዱ ላይ አንድ ማገጃ ቋጠሮ ጣሉበት፤ ቋጠሮው ከአንገቱ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ላይ ይቁም።

አረማመድ፦ ሰውየው በሐይቁ በኩል፣ ውሻው በከተማው በኩል። የሰው ሰውነት በመካከል ሲሆን ውሻው ወፉን የማየት ዕድሉ ይቀንሳል፣ ወፉም የሚያየው ሰው ነው። ይህን ብቻ ያደረገ ሰው የችግሩን እኩሌታ ፈትቷል ባይ ነኝ።

ውሻው ወፍ ሲያይ ከመሮጡ በፊት ምልክት ይሰጣል፦ ጆሮው ወደፊት ይቆማል፣ ራሱ ዝቅ ይላል፣ ጅራቱ ይደርቃል፣ አንዳንዱ የፊት እግሩን ያነሣል። መጥራት ያለባችሁ ያኔ ነው፤ በስሙ ጠርታችሁ፣ አቅጣጫ ቀይራችሁ፣ ሲከተላችሁ ኩርማን ዳቦ ወይም ቁራጭ ሥጋ ስጡት። ከተወረወረ በኋላ ገመዱን መንጨቅና መጮህ ያባብሰዋል፤ እናንተም አብራችሁ የምታድኑ ይመስለዋል። ልምምዱን ሐይቅ ዳር አትጀምሩት። ባዶ የኳስ ሜዳ ላይ 10 ሜትር ገመድ አስራችሁ «ና» ሲባል መምጣት ይልመድ፣ ከዚያ ርግብ ባለበት፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ዳር።

ለደንገል ደግሞ፦ ባለውሻን ውሻው ወፍ ባስነሣበት ሰዓት አታናግሩ። ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ይቆጣል። ሲመለስ ጠብቁት፣ ከፊት ለፊት ኑ፣ «እንደምን አደሩ» በሉ፣ ውሻውን አድንቁ። ከዚያ ባይኖኩላሩን ስጡትና ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ አየር ላይ ቆሞ ሲያነጣጥር ያሳዩት። ያንን ያየ ሰው እምቢ አይልም። የምትጠይቁት የተቆረጠ ይሁን፦ «ከዚህ ሾላ እስከዚያ ወንበር ድረስ ገመዱን ያሳጥሩልን፣ ከዚያ ወዲያ እንደፈለጉ።» «ወፎቹን ይጠብቁልን» ብትሉት «እሺ» ይላል፣ ነገም ይለቀዋል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አልነገራችሁትማ።

ደንገል፦

እግዜር ይስጥልን። ለባለቡቺ አንድ ጥያቄ፣ ለወፍ_ቆጣሪም፦ ሁሉም ውሻ ቢታሰር ችግሩ አለቀ ማለት ነው? ዓሣ ማራገፊያው ጋ ደግሞ ፔሊካኑና አባ ኮዳው ከውሻ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆሙት። ለምደዋል ማለት ይቻላል?

ወፍ_ቆጣሪ፦

አይ፣ አያልቅም። በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ ዳርቻ ባሉ ጫካዎች የተሠራ። ሰው የታሰረ ውሻ ይዞ ባለፈበት መንገድ የወፍ ዓይነት በ35 በመቶ፣ የወፍ ብዛት በ41 በመቶ ቀንሷል። ውሻ ሳይዝ ያለፈ ሰው ያስከተለው ከዚህ እኩሌታ በታች ነበር። ውሻ አዘውትሮ በሚሄድበት ቦታም ውጤቱ ያው ነው፤ ወፎቹ አልለመዱም። በብዛት የተጎዱት መሬት ላይ የሚኖሩት ናቸው፣ የእኛው ምድር ቤት ማለት ነው።

ገመድ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፦ ድንጋጤውን በመንገዱ ዳር ቀጭን መስመር ላይ ያስቀረዋል። የታሰረ ውሻ የት እንደሚሄድ ወፉ ይገምታል፤ የተለቀቀው ግን በየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ረጅም ሣር ውስጥ ደግሞ ስለማይታይ ድንገት ነው የሚደርሰው።

የዓሣ ማራገፊያው ጉዳይ ለብቻው ነው። እዚያ የዓሣ አንጀትና ራስ ይጣላል፣ አባ ኮዳውም ፔሊካኑም ውሻውም የመጡት ለዚያ ነው። ሆድ ፍርሃትን አሸንፎ ነው እንጂ ወፍ ውሻን ለምዶ አይደለም። ስለዚህ የማራገፊያውን ቁጥር ከዳርቻው ቁጥር ጋር አትደምሩት፤ ለብቻው መስመር ስጡት፣ አለዚያ ፔሊካን የበዛበት ቅዳሜ ዳርቻው የተሻሻለ ያስመስላል።

አመዘጋገቡ እንዲህ ይሁን። አንድ ኪሎ ሜትሩ ላይ አምስት ቋሚ ቦታ ምረጡ፣ በየ200 ሜትሩ፤ መለያው የማይነቀል ነገር ይሁን፣ ዛፍ ወይም የድንጋይ ግንብ። በእያንዳንዱ ላይ 2 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ (መምጣታችሁ ያስደነገጠው ይረጋጋል)፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ቁጠሩ። ከሦስቱ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ያያሉ፤ የሚጽፈው ሰው ቀና ካለ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ከወፉ ዝርዝር ጎን ሦስት ዓምድ ጨምሩ፦ በ10 ደቂቃው ውስጥ ያለፈ የታሰረ ውሻ፣ የተለቀቀ ውሻ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ። ወፍ ከተነሣም ማን እንዳስነሣው አንድ ፊደል ጻፉ፦ «ው» ውሻ፣ «ሰ» ሰው፣ «ጀ» ጀልባ፣ «ጭ» ጭልፊት። ከሁለት ወር በኋላ ያቺ አንድ ፊደል ከሁሉም በላይ ትናገራለች። የሐይቁን ከፍታም አትርሱ፤ አንድ ቋሚ ድንጋይ መርጣችሁ ውሃው ከእሱ በስንት እርምጃ እንደሚርቅ ጻፉ።

ኢበርድ (ያያችሁትን ወፍ የምትመዘግቡበት ዓለም አቀፍ ድረ ገጽ) ላይ የምታስገቡ ከሆነ እያንዳንዱን ቦታ ለብቻው በቋሚ ቆጠራ መዝግቡ፤ ለዚያ እንቅስቃሴያችሁ ከ30 ሜትር ማለፍ የለበትም። ያልለያችሁትን ወፍ «ሽመላ ዓይነቱ ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትተዉት፣ በግምትም አትሰይሙት።

ጥር ላይ ተጠንቀቁ። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚካሄደው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው፣ ያ ደግሞ ጥምቀት አካባቢ ይወድቃል። በዓሉ ሰሞን ዳርቻው በሰው ይሞላል። ከከተራ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ያለውን ቅዳሜ ያዙ፣ ቀጣዩን ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በኋላ።

የእንስሳት_ሐኪም፦

ባለቤት ስለሌላቸው ውሾች ማንም አልመለሰላትም።

የሚከተሏችሁ ስለምትበሉ ነው። ቁርስ ቆጠራው ካለቀ በኋላ፣ ከዳርቻው ርቃችሁ ብሉ፤ ቆሎም ቢሆን። አንድ ቀን ዳቦ የሰጠ ቡድን ዓመቱን ሙሉ አጃቢ አለው። ሲጠጉ አትሩጡ፣ ዓይን ለዓይን አትዩ፤ ቦርሳውን በፊታችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ጎን ለጎን ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ድንጋይ ለማንሣት እንደሚጎነበስ ሰው ጎንበስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይበቃል፤ የአገራችን ውሻ ያንን ያውቃል። ወርውሮ መምታት ግን ወፉንም ያስነሣል፣ ውሻውንም ያናድዳል።

ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ «ትንሽ ናት» አይባልም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። 15 ደቂቃ በሰዓት ተይዞ ነው፤ ሲገመት ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። የሐይቁን ውሃ አትጠቀሙ። ለዚህ ሲባል ቡድኑ ሁለት ሊትር ንጹሕ ውሃና ቁራጭ ሳሙና ይያዝ። ታጥባችሁ ስታበቁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፣ ክትባቱ የሚጀመረው ያኔ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሐበሻ መድኃኒት ሞክሮ መጠበቅ ሰው የሚሞትበት መንገድ ነው። ባለውሾችም በየዓመቱ አስከትቡ፣ ወረቀቱን ያዙ።

ለባለውሾች ሌላ ሁለት ነገር። ዳርቻው ላይ የተጣለ የዓሣ ማጥመጃ ክርና መንጠቆ አለ፤ የዓሣ ሽታ ስላለው ውሻ ይውጠዋል። ክሩ ከአፉ ወይም ከኋላው ወጥቶ ብታዩ አትሳቡት፣ አንጀቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል፤ እንዳለ ወደ ሐኪም። ያው ክር የወፍ እግር ላይ ተጠምጥሞ ጣት ይቆርጣል፣ ስለዚህ ወፍ ቆጣሪዎቹ ስታገኙ በመቀስ ቆራርጣችሁ ከረጢት ውስጥ ክተቱት። ሁለተኛው፣ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስል ንጣፍ ካለ ውሻ አይጠጣ፣ አይዋኝ። ሰውም ባዶ እግሩን ውሃው ውስጥ አይቁም፣ ቢልሃርዚያ አለ።

አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል የምትሄዱ ከሆነ ጉማሬ ሌሊት ሣር ግጦ ወደ ውሃው የሚመለሰው በንጋት ነው። በእሱና በውሃው መካከል መቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። በዚያ በኩል ሙሉ በሙሉ ሳይነጋ ረጅም ሣር ውስጥ አትግቡ፣ ውሻም አይለቀቅ፤ የሚጮህ ውሻ ጉማሬውን አስነሥቶ ወደ ባለቤቱ ነው የሚሮጠው።

ሸምበቆ፦

ሁላችሁም ውሻ ውሻ ትላላችሁ። የዳርቻውን ወፍ ውሻ አልጨረሰውም። ደንገሉ ሲቆረጥና ጠርዙ በድንጋይ ሲገነባ ምድር ቤቱም መካከለኛውም ፎቅ አብሮ ይፈርሳል። የግንብ ጠርዝ ላይ ጥቁር ክሬክ አትኖርም፣ ዓሣ አጥማጅም ጎጆ የሚቆፍርበት የአፈር ገደል አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጩ አለ። ውሻው እኮ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል መጥቶ ይሄዳል፣ ግንቡ የትም አይሄድም።

ወፍ_ቆጣሪ፦

ልክ ነህ፣ አንከራከርም። ግን ለዚህም መድኃኒቱ ያው መዝገብ ነው። ደንገል፣ አራተኛ ዓምድ ጨምሪ፦ በእያንዳንዱ ቦታ ከሚታየው 50 እርምጃ ጠርዝ ስንቱ ደንገል፣ ስንቱ ጭቃ፣ ስንቱ ግንብ ነው። በዓመት ሁለቴ መለካት ይበቃል። ያን ጊዜ ወፍ የቀነሰው ውሻ በበዛበት ቦታ ይሁን ግንብ በተሠራበት ቦታ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል።

ግን ውሻው የሚጠየቅበት አንድ ነገር አለ። ላፕዊንግ እንቁላሏን ባዶ መሬት ላይ ነው የምትጥለው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት። ሁለቱ ወላጆች እየጮኹ ከራሳችሁ በላይ ከተወረወሩ ጎጆው ቅርብ ነው፤ አትፈልጉት፣ በመጣችሁበት እግር ተመለሱ። ውሻ በዚያ ቦታ ሲመላለስ እናቲቱ ከእንቁላሉ ላይ ትነሣለች፣ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ደግሞ እንቁላሉን ከግለት የሚያድነው የወላጁ ጥላ ነው። ባለውሾቹን «ገመድ አሳጥሩ» የምትሉበትን ቁራጭ መንገድ በዚያ ወቅት እዚያ ላይ አድርጉት።

ደንገል፦

ተጻፈ። የቀረው ባይኖኩላሩ ነው። ሁለቱ 8×42፣ አንዱ 10×42 ነው። ሲቀባበሉት አንዱ ጥርት አድርጎ ያየውን ሌላው ይደበዝዝበታል፤ እስኪያስተካክል ወፏ ትሄዳለች።

ወፍ_ቆጣሪ፦

8×42ዎቹን ንጋት ላይ ተጠቀሙባቸው። 8 የማጉያው ኃይል፣ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 42ን ለ8 ስታካፍይ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ 5 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፣ በ10×42 ግን 4 ከምናምን፤ በድንግዝግዝ ልዩነቱ ይታያል። 10×42ቱ ከነጋ በኋላ ለሩቅ ውሃ ይሁን፣ እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ ክርናችሁን ጉልበት ላይ አስደግፉ።

ድብዝዙ የሚመጣው የሁሉም ሰው ግራና ቀኝ ዓይን እኩል ስላልሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀኙ ዓይን መያዣ ላይ ለብቻው የሚዞር ቀለበት አለ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቤት ሆኖ ይለካ፦ 20 ሜትር ያህል ርቆ ያለ ጽሑፍ ምረጡ። ቀኝ ዓይንን ጨፍናችሁ የመሀሉን መዘውር በግራ ዓይን እስኪጠራ አዙሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍኑ፣ መሀሉን ሳትነኩ የቀኙን ቀለበት ብቻ እስኪጠራ አዙሩ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በሚለጠፍ ወረቀት ላይ በስማችሁ የመጀመሪያ ፊደል ምልክት አድርጉ። ሜዳ ላይ ባይኖኩላሩን የተቀበለ ሰው ቀለበቱን ወደ ፊደሉ ያዞራል፣ ማጠፊያውን ለዓይኑ ስፋት ያስተካክላል፣ አራት ሰከንድ ነው። መነጽር የሚያደርግ ካለ የጎማውን ክዳን ወደ ታች ያጥፈው፣ አለዚያ ጠባብ ክብ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለት ሰዎች ምልክታቸው አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ እነሱን በአንድ ባይኖኩላር አጣምሯቸው።